ኃይለኛ ኦቶሞቢል ለወጣት ነጂ ይታመናልን?

በቀድሞው ዘመን በአገራችን ታላላቅ ሰዎች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ ይባሉ ነበር። የጅማው ንጉሥ ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ የሌሎቹ የፈረስ ስም ከመጠሪያ ስማቸው ጎን ቆሞ ሲኖር፣ የእርሳቸው የፈረስ ስም መጠሪያቸውን ውጦ አስቀርቶታል። ከ1870 እስከ 1924 ዓ.ም. ጅማን የገዙት አባ ጅፋር ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ቱሉ እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነው።

ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ፈረሱና ጌታው አብረው ተፈትነው፣ አንዱ የሌላውን ጠባይ ለይቶ ካወቀ በኋላ የሚገኝ ስም ነበር። ልጅ መቀመጥን የሚማረው በአህያ ጀርባ ነው፤ ከዚያ በበቅሎ፣ ከበቅሎም በገራም ፈረስ እያለ ያድጋል። የጦር ፈረስ ልጓም የሚሰጠው ግን እጁ የታየ፣ መቀመጫው የጸና እንደ ሆነ ነው። የታላቅ ሰው ልጅ ቢሆን እንኳ ባልደራሱ ሳያምንበት ከደንገላው ላይ አይወጣም ነበር፤ ደንገላው የአባትን ሹመት አይጠይቅምና።

ዛሬ ፈረሱ ከከተማችን ሲርቅ በቁጥር ቀርቶልናል። የሞተር ኃይል የሚለካው በፈረስ ጉልበት ስለ ሆነ፣ በየመንገዱ የምናያት ትንሿ ቪትዝ 70 ያህል ፈረሶች ይስቧታል፤ ሹማምንት የሚሄዱበት ባለ 8 ሲሊንደር ላንድክሩዘር ከ200 በላይ ፈረሶች አሉት። አባ ጅፋር በአንድ ፈረስ ስም ተጠርተው ኖሩ፤ የዛሬው የ20 ዓመት ልጅ የ200 ፈረሶችን ልጓም በኪሱ ይዞት ይዞራል። እንግዲህ ይህን ያህል ኃይል ለወጣት ማመን ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየቤተ ሰቡ ሲነሣ እንሰማለን። እኔም ብዙ ጊዜ ሰምቼው ሳልመረምረው አልፌዋለሁ። እንድመረምረው ያደረገኝ በአሰንዳቦ ያየሁት ነገር ነው።

አሰንዳቦ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ ከጅማ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቀደም ብላ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። መንገደኛው ከወልቂጤ በኋላ ወደ ጊቤ በረሃ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ዳገቱን ይወጣል፤ ሰኮሩን አልፎ የግልገል ጊቤ ግድብ ውሃ ወዳለበት አገር ሲደርስ መንገዱ እየተስተካከለ ይሄዳል። በቁልቁለቱ ሲጠነቀቅ የቆየ ነጂ እግሩን የሚለቀው በዚህ ስፍራ ነው። ከተማይቱም ከግራና ከቀኝ መንገዱን ይዛ የተሠራች ስለ ሆነች፣ አውራ መንገዱ ለመንገደኛው መተላለፊያ፣ ለባላገሩ ደግሞ ደጃፍ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ለሥራ ወደ ጅማ ስሄድ የያዝነው ኦቶሞቢል የአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት የሆነ ባለ 8 ሲሊንደር ነበር። ነጂው የ24 ዓመት ልጅ ነው፤ ጨዋ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ጫት የማይቅም፣ ጠዋት ሳይማጠን የማይነሣ ልጅ ነበረ። ይህን ማለቴ አንባቢ ጥፋቱን ሁሉ በስካርና በብልግና እንዳያሳብብ ብዬ ነው። በጊቤ ቁልቁለት በጥንቃቄ አወረደን። ስብሰባው በ8 ሰዓት ነበርና ሰኮሩን ስናልፍ ሰዓቴን አይቼ «ልጄ፣ ዘገየን እኮ» አልሁት። «እሺ ጋሼ» አለና ነዳጁን ረገጠ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሜ «ሰዎቹ ይጠብቁናል» አልሁ። ሦስተኛ ጊዜ አልተናገርሁም፤ ነገር ግን ሰዓቴን ሳይ በመስተዋቱ አይቶኛል።

ቀኑ የአሰንዳቦ ገበያ ነበር። ዐሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ጀንፈል የጫነች አህያ እየነዳ ከቆመ ካሚዮን ኋላ ወደ አስፋልቱ ብቅ አለ። ነጂያችን ፍሬኑን ያዘ፤ ኦቶሞቢሉ እየጮኸ ሄዶ ሄዶ የግራ መከለያው የአህያይቱን ጭነት ነክቶ ቆመ። አህያይቱ ወደቀች፤ ጆንያው ተቀደደ፤ ጀንፈሉም በአስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ልጁ አንድም አልተነካ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ከድንጋጤ የተነሣ ከመቀመጫችን መነሣት ሲያቅተን፣ እርሱ ግን ተንበርክኮ ቡናውን አንድ አንዱን እየለቀመ በነጠላው መክተት ጀመረ። አማርኛ አያውቅም፤ እኔም ኦሮምኛ አላውቅም። ከመንገዱ ዳር ከሻይ ቤት የተነሡ አንድ ሽማግሌ መጥተው አስተረጐሙልን። ልጁ የሚለው «እናቴ ትቆጣኛለች» ነበር።

እኒህ ሽማግሌ የድሮ የካሚዮን ነጂ ናቸው። በዚህ መንገድ ፊያት ኤንትሬ ሲነዱ እንደ ኖሩ በኋላ ነገሩን። ሰዉ እየጮኸ በነጂያችን ላይ ሲሰበሰብ እርሳቸው ዝም ብለው ጎማው ከጮኸበት ስፍራ ጀምረው ኦቶሞቢሉ እስከ ቆመበት ድረስ በርምጃ ሰፈሩ። «45 ርምጃ» አሉ። ከዚያም ልጁን «በስንት ትሄድ ነበር?» ብለው ቢጠይቁት «ከ80 እልፍ ብሎ ነበር አባቴ» ብሎ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌውም ወደ እኔ ዞረው «እርስዎስ ጌታው፣ በስንት ይሂድ ብለውት ነበር?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም።

አንባቢዎቼ እንዲያስቡልኝ የምፈልገው በዚያ 45 ርምጃ ላይ ነው። ኦቶሞቢል ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚሄደው ርቀት ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በእጥፍ ብቻ አይጨምርም፤ በአራት እጥፍ ይጨምራል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 45 ርምጃ የሚፈልገው ኦቶሞቢል በ40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ኖሮ በ11 ርምጃ ይቆም ነበር። ይህም የነጂው እግር ፍሬኑን ከረገጠ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ ፈርዶ፣ እግር እስኪታዘዝ ድረስ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ያልፋል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው በዚያች አንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ሄዷል። የሞተሩ ኃይል ደግሞ እዚህ ላይ የሚያደርሰውን አስቡ። ደካማ ኦቶሞቢል ወደ 100 ለመድረስ ብዙ ስለሚደክም ነጂውን በድካሙ ይመክረዋል፤ ድምፁም ይጮኽበታል። ኃይለኛው ግን ሳይደክምና ሳይጮህ ያደርሰዋል፤ በውስጡ ያለውም ሰው ቆሞ እንደሚሄድ እንጂ እንደሚበር አይሰማውም። እኔ በዚያን ቀን 80 እንደ ደረስን አላወቅሁም ነበር።

ወጣቶችን የሚከሱ ሰዎች ክሳቸው ከባዶ የተነሣ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በመንገድ አደጋ በዓለም በየዓመቱ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ ያህል ሰው እንደሚሞትና ከ5 እስከ 29 ዓመት ላለው ሰው ከሞት ምክንያቶች ሁሉ የሚበልጠው ይኸው እንደ ሆነ ተናግሯል። የአእምሮ ሊቃውንትም የሰው ልጅ አደጋን የሚመዝንበትና ስሜቱን የሚገታበት የአእምሮ ክፍል እስከ 25 ዓመት ገደማ ድረስ ገና እየበሰለ የሚሄድ መሆኑን ያስረዳሉ። ወጣት ነጂ እኩዮቹን አሳፍሮ ሲሄድ አደጋው እንደሚብስም በብዙ አገር ተጠንቷል። በእኛም አገር ሕዝቡ በፍጥነት ለሚሄደው የኢሱዙ ካሚዮን «አልቃይዳ» የሚል ስም አውጥቶለታል። በጥንት ጊዜ ጌታው በፈረሱ ስም ሲከበር ነበር፤ አሁን ሕዝቡ ለኦቶሞቢሉ ራሱ የሚያስፈራ ስም ማውጣቱ በመንገድ ዳር ቆሞ የሚያየው ሰው ምን እንደሚሰማው ያስታውቃል።

ነገር ግን ዕድሜን ብቻ መክሰስ ፍርድን ማጉደል ይሆናል። በሮምና በቶኪዮ ማራቶን አገራችንን ያስከበረው ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሸኖ አካባቢ ኦቶሞቢሉ ተገልብጦበት እግሮቹ የማይንቀሳቀሱ ሆነው ቀሩ። ያን ጊዜ ዕድሜው 36 ነበረ፤ ይነዳው የነበረውም ትንሽ ቮልስዋገን ነው። ጉልምስናም ሆነ የሞተር ማነስ አላዳነውም። ደግሞም ወጣቱን ከመሪው እናርቀው ብንል የአገሩ ሥራ ማን ሊሠራው ነው? የጅማን ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚያወጣው፣ ነፍሰ ጡርን ከገጠር ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው፣ ሹሙንም ወደ ስብሰባ የሚወስደው አብዛኛው ወጣት ነው። ዓይኑም ከእኛ ይፈጥናል። በአሰንዳቦ መሪውን የያዝሁት እኔ ብሆን ኖሮ ያን ልጅ ከካሚዮኑ ኋላ ሲወጣ ማየቴን እጠራጠራለሁ።

ስለዚህ ጥያቄው «ወጣት ይታመናል ወይስ አይታመንም» ተብሎ ሲቀርብ መልስ አያገኝም። ሊጠየቅ የሚገባው በምን ደረጃ አልፎ፣ ማን መስክሮለት፣ ምን ያህል ኃይል ይሰጠው የሚለው ነው።

ሽማግሌውን ሻይ ቤት ገብተን ነጂነትን እንዴት እንደ ተማሩ ጠየቅኋቸው። አራት ዓመት ረዳት ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ሥራቸው ካሚዮኑን ማጠብ፣ ጎማ መፍታት፣ በዳገት ላይ ሲቆም ከጎማው በታች ድንጋይ ማድረግ ብቻ ነበረ። ከዚያ ጎማውን በብረት እየመቱ በድምፁ ነፋሱ መጉደል አለመጉደሉን መለየት ተማሩ። መሪ የጨበጡት በሦስተኛው ዓመት፣ ያውም ባዶ ካሚዮን በሜዳ ላይ ነው። በጊቤ ቁልቁለት ጭነት ይዘው እንዲወርዱ የተፈቀደላቸው በአራተኛው ዓመት ሲሆን አለቃቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ነበር። የነገራቸውም ትእዛዝ አንዲት ናት፦ ዳገቱን ለመውጣት በምትፈልገው ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለማቋረጥ ከተያዘ ግሎ መያዙን ይተዋልና፣ ካሚዮኑን የሚገታው ሞተሩ ራሱ እንዲሆን ማለት ነው። «ይህን በወረቀት ቢጽፉልኝ በአንድ ቀን አውቀው ነበር፤ እግሬ እስኪያውቀው ግን አራት ዓመት ፈጀ» አሉኝ።

ይህን ስሰማ የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር ትዝ አለኝ። ፊደል ያልቆጠረ ዳዊት አይደግምም፤ ጾመ ድጓ ያልዘለቀ ድጓ አይሰጠውም፤ ቅኔ ያልተቀኘም ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ቢገባ የሚሰማው ድምፁን እንጂ ምሥጢሩን አይደለም። መምህሩ ተማሪውን ስለሚጠላው አይደለም ወደ ኋላ የሚያቆየው። ልጁ በዕድሜ ትንሽ ቢሆንም ደረጃውን ከጨረሰ ያሻግረዋል፤ ጢም አውጥቶም ካልጨረሰ ያቆየዋል። መለኪያው የተማሪው ዕድሜ ሳይሆን ያለፈበት ቤት ነው። ቅዱስ ዳዊትም ገና ብላቴና ሳለ ሳኦል የጦር ልብሱንና ሰይፉን ባስታጠቀው ጊዜ፣ አልተለማመድሁትም ብሎ አውልቆ ወንጭፉን እንደ መረጠ በመጽሐፈ ሳሙኤል እናነባለን። ለጦርነቱ አላነሰም፤ ያልሞከረውን መሣሪያ ግን በራሱ ላይ አልጫነም። በዘመናችን ብላቴናው ራሱ አውልቆ ይመልሳል ብሎ መጠበቅ ስለማይቻል፣ የሳኦል ድርሻ ነው መስተካከል ያለበት።

ይህ ሥርዓት ለሞተርም የማይሠራ ነው የሚል ቢኖር ወደ አየር መንገዳችን ይመልከት። በኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ትምህርት ቤት የገባ ወጣት በመጀመሪያ የሚይዘው እንደ ሴስና 172 ያለችውን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። ከተመረቀም በኋላ በካፒቴኑ ቀኝ በረዳትነት ተቀምጦ፣ ሰዓቱ በመዝገብ እየተቈጠረ፣ ለእያንዳንዱ የአውሮፕላን ዓይነት ለብቻው እየተፈተነ ነው ወደ ትልቁ የሚያልፈው። የ25 ዓመት ልጅ በሰማይ ላይ ሲያበርረን ማንም ወጣት ነው ብሎ አይወርድም፤ በየደረጃው ማን እንደ መሰከረለት ስለምናውቅ ነው።

በመንገድ ላይ ያለው ሕጋችን ግን ይህን በግማሽ ብቻ ይዞታል። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዱን በተሽከርካሪው ዓይነት ይከፋፍላል፤ ሞተር ብስክሌት፣ ባለ ሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የጭነት፣ የፈሳሽ ጭነት እያለ ይደረድራል። በዚህም መሠረት የሰውና የጭነት ብዛት ሲጨምር የሚጠየቀው ዕድሜ ከፍ ይላል። መልካም ነው። 18 ዓመት የሞላው ሰው የአውቶሞቢል ፈቃድ ካገኘ በኋላ ግን በዚያው ምድብ ውስጥ ያለውን የሞተር ኃይል የሚጠይቀው የለም። ሕጉ መቀመጫ ይቈጥራል፣ ኩንታል ይመዝናል፤ ፈረስ አይቈጥርም። በ70 ፈረስ የተፈተነው ልጅ በማግሥቱ 200 ፈረስ ቢነዳ ፈቃዱ ያው ነው።

ይህ ጉድለት በቀድሞ ጊዜ ብዙ አልጎዳንም ይሆናል፤ ኃይለኛ ኦቶሞቢል ውድ ስለ ነበር ድኽነታችን ራሱ ባልደራስ ሆኖልን ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት ኦቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ መጥተዋል። ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ምንዛሪ ማዳናቸው የሚያስመሰግን ነው፤ በአሰንዳቦ አቅራቢያ ያለው ግልገል ጊቤ የሚያመነጨው ኃይል ለአገሩ ልጅ መሄጃ መሆኑም ያስደስታል። ነገር ግን ባለ 5 መቀመጫው ቮልስዋገን አይዲ 4 ወይም ቶዮታ ቢዚ 4 ኤክስ 200 ያህል የፈረስ ጉልበት ሲኖረው ክብደቱም የቪትዝን እጥፍ ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ጉልበቱን ሁሉ ገና ከመነሻው ይሰጣል፤ ማርሽ መለወጥ የለም፣ ጩኸትም የለም። ለአባትና ለእናት የተገዛው የቤት ኦቶሞቢል የጦር ፈረስ ሆኖ በግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ልጁም ቁልፉ የት እንደሚሰቀል ያውቃል።

ሌሎች አገሮች ለዚህ ነገር የበጁትን ብናይ አይጎዳንም። ኒውዚላንድ በ1979 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ነጂ በደረጃ እንዲወጣ ደንግጋለች፤ በመካከለኛው ደረጃ ያለ ሰው በሌሊት ብቻውን እንዳይነዳና ልምድ ያለው ሰው አጠገቡ ሳይኖር እኩዮቹን እንዳይጭን ተከልክሏል። በአውስትራሊያም አንዳንድ ግዛቶች ለአዲስ ነጂ ከክብደቱ አንጻር ኃይሉ የበዛ ኦቶሞቢልን ይከለክላሉ። በጣም የገረመኝ ግን የኢጣሊያ ሕግ ነው። የጅማን መንገድ በወረራው ዘመን ለካሚዮናቸው የጠረጉት ኢጣሊያኖች ዛሬ በአገራቸው ፈቃድ ያገኘ ሰው እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ከ105 ኪሎዋት፣ ማለት ከ140 ያህል የፈረስ ጉልበት በላይ ያለውን ኦቶሞቢል እንዳይነዳ ይከለክላሉ፤ ለእያንዳንዱ ቶን ክብደትም ከ75 ኪሎዋት እንዳይበልጥ ይላሉ። ይህን ልክ ያወጡት በ2017 ዓ.ም. ነው። ቀድሞ የነበረው ከዚህም የጠበበ ነበረ። እንግዲህ በአዲስ አበባ የ18 ዓመት ልጅ ያለ ከልካይ የሚነዳውን ከዚህ ልክ ያለፈ ኦቶሞቢል በሮም ከተማ ቢይዘው ይቀጣል።

ለእኛ ይህን ማድረግ አያቅተንም። የሞተሩ ኃይል በተሽከርካሪው መታወቂያ ደብተር ላይ የሚጻፍ ስለ ሆነ አዲስ መዝገብ አያስፈልግም፤ በነጂው ፈቃድ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። ፈቃድ ባገኘ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት ከ100 የፈረስ ጉልበት የማያልፍ፣ ከዚያም ያለ ጥፋት መቆየቱ ታይቶ ወደ ላይ ይለፍ ብንል ወጣቱን ከሥራ አናስወጣውም። ልኩ 100 ይሁን ወይስ 120 የሚለውን ባለሙያዎች ይወስኑ። ለአምቡላንስና ለመሰል ሥራ የሚፈለግ ወጣት ካለም እንደ ቀድሞው ረዳት ከአረጋዊ ነጂ አጠገብ ተቀምጦ፣ ኪሎ ሜትሩ እየተመዘገበ ይለማመድ።

ሕግ ቢወጣም ቁልፉን የሚሰጠው ሰው ካልተጠየቀ ነገሩ ከንቱ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ካህናት አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። በሬው ሰውን ቢወጋ፣ ተዋጊነቱም አስቀድሞ የታወቀ፣ ለባለቤቱም የተነገረው ሆኖ ሳይጠብቀው ቀርቶ እንደ ሆነ ባለቤቱ ራሱ ዕዳ አለበት። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በቁጥር 2081 ባለ ሞተሩ ኦቶሞቢሉ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን፣ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ እንዳይቀር ደንግጓል። ይህ ግን የካሣ ነገር ነው። በወንጀል በኩል ስንመጣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቁጥር 543 ደንብን አውቆ ጥሶ ሰው የገደለ ቸልተኛ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ያዝዛል፤ በተግባር ሲታይም ከችሎቱ ፊት የሚቆመው መሪውን የጨበጠው ልጅ ነው። ከኋላ ተቀምጦ ሰዓቱን ያይ የነበረው ሰው ምስክር እንኳ ሆኖ ሳይጠራ ይቀራል።

የናሜሲ ልጅ ኢዩ ሠረገላውን በችኮላ ይነዳ ስለ ነበር ጉበኛው ከሩቅ ሆኖ በአነዳዱ እንደ ለየው በመጽሐፈ ነገሥት ተጽፏል። የእኛው የሕንደኬ ጃንደረባ ግን፣ በንግሥቲቱ ገንዘብ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ታላቅ ሹም ሲሆን፣ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ትንቢተ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ በእግሩ ሮጦ ደረሰበት። ሠረገላው እንደ ኢዩ ቢሄድ ኖሮ ማን ይደርስበት ነበር? ለሹማምንት የሚነዱ ወጣቶችን ጠይቄ እንደ ተረዳሁት፣ አብዛኛዎቹ በብቻቸው ሲሄዱ ይልቅ ጌታ ይዘው ሲሄዱ ይፈጥናሉ። ጌታው «ቀስ በል» ቢል ደስ ይላቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን አይልም፤ «ቀስ በል» ማለት ፈሪነት የሚመስለው ሰው አለ፤ አንዳንዱም እንደ እኔ በአፉ ሳይናገር በሰዓቱ ያዝዛል።

ወደ አሰንዳቦ ልመለስ። የልጁ እናት ስትመጣ የፈሰሰውን ጀንፈልና የጆንያውን ዋጋ ሽማግሌው በገመቱት መጠን ከኪሴ ከፈልሁ፤ አህያይቱም ተነሥታ ቆመች፣ ጉልበቷ ላይ ከተላጠው በቀር ጉዳት አልነበረባትም። እናቲቱ ገንዘቡን ተቀብላ ልጇን በሁለት እጇ ራሱንና ትከሻውን እየዳሰሰች አየችው፤ እኛን አላየችንም። በጅማ ስብሰባው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ተጀመረ፤ ከእኛም በኋላ የመጡ ነበሩ።

ስንመለስ የመከለያው መጣመም ስለ ታየ ነጂው የአደጋ መግለጫ ቅጽ እንዲሞላ ታዘዘ። ቅጹን እኔም አየሁት፤ የነጂው ስም፣ የፈቃዱ ቁጥር፣ የሰሌዳው ቁጥር፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የአየሩ ጠባይ ይጠየቅበታል። በኦቶሞቢሉ ውስጥ ማን ነበረ፣ ምንስ አዘዘ የሚል መስመር የለበትም። በኅዳጉ ላይ ስሜን ጽፌ «ፍጥነት እንዲጨምር ያሳሰብሁት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምሁበት። መዝገብ ቤቱም በኅዳግ የተጻፈ ነገር አይመዘገብም ብሎ ሌላ ንጹሕ ቅጽ አስሞላው። ልጁ የአንድ ወር ደመወዙ ተቀጥቶ ወደ ትንሿ ፒካፕ ተዛወረ። ያን ባለ 8 ሲሊንደር በሳምንቱ ከግቢው ሲወጣ አየሁት፤ መሪውን የያዘው ከእርሱ በሁለት ዓመት የሚያንስ ሌላ ልጅ ነበረ።